ሰመረ የሰበሰበው ጋዝ

ካዛንቺስ አሮጌው ካዛንቺስ ሳለ፣ ፍሪጁ የተበላሸበት ሰው "ዶክተሩን ጥሩልኝ" ካለ የሚመጣው ሐኪም ሳይሆን ታዲዎስ ነበር። ሥጋ ቤቶቹም ግሮሰሪዎቹም በዚህ ስም ያውቁታል። ሲመጣ መጀመሪያ የፍሪጁን ጀርባ በመዳፉ ዳበስ ዳበስ ያደርጋል፣ ጆሮውን ወደ ኮምፕሬሰሩ አስጠግቶ ትንሽ ያዳምጣል፣ ከዚያ ቀና ብሎ "አልሞተም፣ ደክሞት ነው" ይላል። ባለቤቶቹ ይስቃሉ። ፍሪጁም በማግስቱ እንደ አዲስ ይሠራል።

ታዲዎስ ይህን ስም ይወደዋል። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን ሰመረ አጠገቡ ቆሞ ሳለ ሲጠሩት ነበር።

ሁለቱ ሙያውን የጀመሩት አብረው ነው። ከኡራኤል ወረድ ብሎ በነበረች አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ጋሽ ኢተፋ ከሚባሉ ሽማግሌ ተማሩ። ታዲዎስ አንዴ ያሳዩትን አይረሳም። ሰመረ ግን ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ቱቦ ሲበይድ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ብሎን ይጥልና መሬት ለመሬት ሲፈልግ ይውላል። ጋሽ ኢተፋ ትዕግሥታቸው ሲያልቅ "አንተ፣ ታዲዎስን እያየህ ሥራ እንጂ!" ይሉታል። ታዲዎስ ይህችን አባባል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልቡ ውስጥ አስቀምጧት ነበር፤ ሲከፋው ያወጣታል፣ አጣጥሞ ይመልሳታል።

የዚያን ጊዜ ሥራው ገር ነበር። የተበላሸ ፍሪጅ ሲመጣ ቱቦው ይቆረጣል፣ ውስጡ ያለው ጋዝ ሽሽሽ ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ጥገናው ይጀመራል። ቁጥር አሥራ ሁለት የሚሉት ጋዝ ነው። አይሸትም፣ አይታይም፣ እሳት አይዝም። ጋሽ ኢተፋ "እንደዚህ ያለ ጨዋ ጋዝ የለም" እያሉ ያመሰግኑት ነበር። ወጥቶ የት እንደሚደርስ የጠየቀ ሰው ቢኖር ሰመረ ብቻ ነው። "ጋሼ፣ ይሄ ግን ከዚህ ወጥቶ ወዴት ነው የሚሄደው?" አላቸው አንድ ቀን። ጋሽ ኢተፋ በአገጫቸው ወደ ላይ አመለከቱና "ሰማይ ሰፊ ነው፣ አያሳስብህ" አሉት። ታዲዎስ የሰመረን ጥያቄ ለሰፈሩ ሁሉ እያወራ ሲያስቅበት ከረመ።

ዓመታት አለፉ። ጋሽ ኢተፋ አረፉ፤ ሁለቱም በየፊናቸው ሱቅ ከፈቱ፣ አገቡ፣ ወለዱ። ታዲዎስ ጀማነሽን አግብቶ ሊዲያን ወለደ። የታዲዎስ በር ላይ ሁልጊዜ ወረፋ አለ። የሰመረ በር ላይ ደግሞ ታዲዎስ ጋ ወረፋ የሰለቻቸው ይመጣሉ። ይህ ለታዲዎስ የዓለም ትክክለኛ አቀማመጥ ነበር።

አቀማመጡ መዛነፍ የጀመረው ለማቀዝቀዣ ባለሙያዎች ሥልጠና አለ ተብሎ ሁለቱም የተጠሩ ጊዜ ነው። ትምህርቱ ስለ ኦዞን ንጣፍና ስለ ጋዝ አያያዝ ነው ተባለ። ታዲዎስ ሳቀ። "ሠላሳ ዓመት የሠራሁትን ማን ነው የሚያስተምረኝ? ኦዞን ምናምን የፈረንጅ ወሬ ነው" አለና ቀረ። ሰመረ ሄደ። ሲመለስ ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው የምስክር ወረቀት፣ ጋዝ የሚመጥ ማሽንና አናቱ ላይ አንድ ሰማያዊ አንድ ቀይ እጀታ ያለው ሲሊንደር ይዞ መጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰመረ ጋዝ ወደ አየር መልቀቅ ተወ። ማሽኑን ይሰካል፣ ጋዙን ከፍሪጁ ይመጥና ሲሊንደሩ ውስጥ ያጠራቅማል። አሮጌውን ጋዝ ለሚመለከተው ቢሮ ያስረክባል።

ታዲዎስ ስም አወጣለት፤ "የጋዝ ቆራሌው" አለው። ሰፈሩ ሳቀ፤ ሰመረም አብሮ ሳቀ። ታዲዎስ ግን ሰመረ መሳቁን አልወደደለትም። ቢቆጣ ይሻለው ነበር።

ቀስ በቀስ ትልልቆቹ ሆቴሎች "ወረቀት ያለው ሰው እንፈልጋለን" ማለት ጀመሩ። ሲጠሩ የሚጠሩት ሰመረን ነው። ታዲዎስ ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ፣ ሰመረ ማሽኑን በሆቴል መኪና አስጭኖ ሲሄድ ያያል። ፊቱን ወደ ሥራው ይመልሳል፤ ያነሳው ብሎን ግን የቱ ጋ እንደሚገባ ለትንሽ ጊዜ ይጠፋዋል። ቤት ገብቶ ለጀማነሽ ይነግራታል። "እጁ እንኳ አልጸናም እኮ! ማለቴ፣ እኔ ያበላሸውን ሳስተካክልለት የኖርኩ ሰውዬ..." ጀማነሽ ሽንኩርቷን እየከተፈች "ታዲያ ሂድና አንተም ተማር" ትለዋለች። እራት ሳይበላ ይተኛል።

የካዛንቺስ ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ወደየአቅጣጫው ሲበተን ሁለቱም ሱቃቸውን አጡ። ሌላ ቦታ ለየብቻ መከራየት ከበዳቸውና ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ጎን ለጎን ሁለት ሱቅ በጋራ ተከራዩ። ከኋላ አንዲት የጋራ ዕቃ ቤት አለቻቸው፤ ቁልፏ ሁለቱም ጋ አለ። ሰው ሲለቅ አሮጌ ዕቃውን ጥሎ ነው የሚሄደው፤ ከካዛንቺስ ግቢዎች የወጡት ዕድሜ ጠገብ ፍሪጆች የብረታ ብረት ነጋዴዎች ጋ ተከምረው ነበር። ሰመረ በሰው በሰው እየለመነ፣ ነጋዴዎቹ ፍሪጁን በመጥረቢያ ሳይፈልጡት እየቀደመ፣ የቀረውን ጋዝ ከእያንዳንዱ መጠጠ። ክረምትና በጋ ለፋበት። ሲሊንደሩ እየከበደ ሄደ። ከነዚያ ፍሪጆች ብዙዎቹን ታዲዎስ ያውቃቸዋል፤ በእጁ ጠግኗቸዋል። አሁን ስማቸው የሚነሳው በሰመረ ነው።

ይህን ሁሉ ታዲዎስ ችሎት ነበር። ያልቻለው ሊዲያ የመጣች ቀን ነው።

ሊዲያ ቂርቆስ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ለታዲዎስ አንድ ልጁ ናት፤ የሚኮራው በእሷ ነው። በሚያዝያ ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቆቹ መጣች። ታዲዎስ ከሩቅ አይቷት እጁን በጨርቅ ጠርጎ ብድግ አለ። እሷ ግን ጉንጩን ሳም አደረገችውና አልፋው ወደ ሰመረ በር ሄደች።

"ጋሼ ሰመረ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነው የመጣሁት።"

"አንቺ ደግሞ መቼ አስቸግረሽ ታውቂያለሽ!"

"የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ዝግጅት አለው። ተማሪዎቼ ኦዞን ሲባል መጽሐፍ ላይ ያለ ሥዕል ብቻ ነው የሚመስላቸው። መጥተህ ንገራቸው፤ ሲሊንደሩንም ይዘህ ና፣ በዓይናቸው ይዩት።"

ታዲዎስ በሁለቱ ሱቆች መሃል ባለው ቀጭን ግድግዳ በኩል ቃል ሳይቀር ሰማ። ሊዲያ ስትመለስ ሥራ የያዘ መስሎ ጎንበስ አለ።

"እኔስ?" አላት ቀና ሳይል።

"አንተስ ምን አባዬ?"

"እኔ ስለ ፍሪጅ አላውቅም?"

ሊዲያ ሳቀች፤ ክፋት አልነበረውም ሳቋ። "አባዬ ደግሞ! አንተማ ኦዞን የሚባል ነገር የለም ስትል አይደል የምትኖረው? በቃ፣ ልጆቼን ግራ ታጋባብኛለህ።" ደግማ ስማው ሄደች። ታዲዎስ የፈታውን ኮምፕሬሰር መግጠም ጀመረ። ሆቴሎቹን ውሰድ፣ ስሙንም ውሰድ፤ ልጄን ደግሞ ለምን? አለው ሰመረን በልቡ። ሊዲያ ልጅ ሳለች ትከሻው ላይ አድርጎ መስቀል አደባባይ ደመራ ያሳያት ማን ነው? የፍሪጅ ማግኔት አውጥቶ መጫወቻ የሠራላት ማን ነው? "ጋሼ ሰመረ" ስትል ድምፅዋ ውስጥ የነበረችው ያቺ ለስላሳ አክብሮት ከጆሮው አልወጣ አለችው።

በዝግጅቱ ቀን ሥራ አለኝ ብሎ ወጣ፤ እግሩ ግን ትምህርት ቤቱ ወሰደው። ለጥበቃው የሊዲያ አባት መሆኑን ተናግሮ ገባና ከአዳራሹ ውጭ፣ ክፍት መስኮት ጥግ ቆመ።

ሰመረ ሱፍ ለብሶ ነበር። ሲሊንደሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ድምፁ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጸና።

"ልጆች፣ ፀሐይ ትወዳላችሁ? እኔም እወዳለሁ። ግን ፀሐይ ከብርሃኗ ጋር የምትልከው ቆዳ የሚያቃጥል፣ ዓይን የሚያደክም፣ ሰብል የሚጎዳ ጨረር አለ። ከላይ፣ አውሮፕላን ከሚበርበት ከፍታ በላይ፣ ኦዞን የሚባል ስስ ጋዝ አለ። ያንን ክፉ ጨረር አብዛኛውን የሚያስቀረው እሱ ነው። እሱ ባይኖር ይሄ ሁላ ሕይወት አይኖርም ነበር።"

ሲሊንደሩን መታ መታ አደረገው።

"ይሄ ውስጥ ያለው ጋዝ ሰው የሠራው ነው። ከመቶ ዓመት በፊት አልነበረም። ሲፈለሰፍ ሁሉም ደስ አለው፣ አይመርዝም፣ አይቃጠልም። ፍሪጅ ውስጥ ገባ፣ የፀጉር ማሳመሪያ ቆርቆሮ ውስጥ ገባ፣ ስፖንጅ ውስጥ ገባ። ክፋቱ ጨዋነቱ ነው። ምንም ስለማይነካው ሳይበላሽ ወደ ላይ ይወጣል። እላይ ሲደርስ ፀሐይ ትሰብረውና ከውስጡ ክሎሪን ይወጣል። አንዷ ክሎሪን ኦዞኑን ትበላለች፣ አትጠግብም፣ ሌላውን ትበላለች፣ እልፍ ትበላለች። ሳይንቲስቶች ይህን አስቀድመው ተናግረው ነበር፤ ብዙ ሰው አልሰማቸውም። በኋላ ግን ደቡብ ዋልታ ላይ በየዓመቱ በዚያ አገር ጸደይ ኦዞኑ ክፉኛ እንደሚሳሳ ታየ። ቀዳዳ አሉት። ያኔ ዓለም ደነገጠ። አገሮች ተሰብስበው እናቁም ተባባሉ፤ የሚገርመው፣ እውነትም አቆሙ።"

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። "ታዲያ አሁን ተደፈነ?"

"እየዳነ ነው። ግን ቀስ ብሎ ነው፤ ሙሉ ለሙሉ እስኪድን እናንተ ሽማግሌ ትሆናላችሁ። ምክንያቱም አንዴ የወጣው እዚያው ነው፣ መቶ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ያልወጣውን መያዝ ነው የእኛ ሥራ።"

ሌላው ተነሣ። "እርስዎ ራስዎ ለቀው ያውቃሉ?"

"ውይ! ስንቱን! አላወቅንም ነበር። እኔም፣ ካዛንቺስ ዶክተር ብሎ የሚጠራው ጓደኛዬም፣ ስንቱን ቱቦ ቆርጠን ለቀቅን። እጁ ከእኔ እጅ እጅግ ይበልጣልና እሱ ከእኔ የበለጠ ሳይለቅ አይቀርም።"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሊዲያም ሳቀች። ታዲዎስ "እጁ ከእኔ እጅ ይበልጣል" የሚለውን አልሰማም፤ የሰማው ሳቁን ነው። ሲጨበጨብ፣ ሊዲያ የሰመረን ክንድ ይዛ ፎቶ ስትነሣ አየ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ አባትና ልጅ ይመስሉ ነበር። ከመስኮቱ ተነሥቶ ሄደ።

ሰመረ በዚያው ከሰዓት ሲሊንደሩን ይዞ ተመለሰ፤ ዕቃ ቤት አስገባው፤ "ለቅሶ ልደርስ ነው፣ ሱቁን እይልኝ" ብሎ ወጣ። ታዲዎስ ብቻውን ቀረ። ሻይ አዘዘና ሳይጠጣው ቀዘቀዘበት። ከዚያ ቁልፉን አንሥቶ ወደ ኋላ ሄደ።

ምን ሊያደርግ እንደገባ ለራሱ አልነገረውም። ሊያየው ብቻ ነው የገባው። ሲሊንደሩን ከፍ ሲያደርገው ከበደው። ይህ ክብደት የሰመረ ስም ነው፤ ይህ ክብደት የሊዲያ ጭብጨባ ነው። ባዶ ቢሆንስ? ባዶ ሲሊንደር ይዞ የትኛው አዳራሽ ይቆማል? መስኮቷን ከፈተ። ስፓና አንሥቶ በቀዩ እጀታ በኩል ያለውን የነሐስ ክዳን ፈታና እንደ ልማዱ መደርደሪያው ላይ በሥርዓት አስቀመጠው። እጀታውን አዞረው።

ቀዩ የፈሳሹ በር መሆኑን አላወቀም ነበር። ሥልጠናው ላይ የቀረ ሰው ነው። ጋዙ በለመደው ቀጭን ድምፅ ሳይሆን ነጭ ሆኖ፣ እየጮኸ፣ ቀኝ እጁ ላይ ተረጨ። መጀመሪያ አላመመውም። ጣቶቹ በረዶ ለበሱ፣ ነጡ፣ የእሱ ያልሆኑ መሰሉ። ክፍሏ በጭጋግ ተሞላች፤ ጭጋጉ በመስኮቷ እየተግተለተለ ወጣ። ታዲዎስ በሕይወቱ ይህን ያህል ጋዝ ባንድ ላይ ሲወጣ አይቶ አያውቅም። ከስንት ግቢ የተለቀመ፣ ከስንት ፍሪጅ የተመጠጠ ነው፤ የወይዘሮ እገሊትን ፍሪጅ አስታወሰ፣ የሥጋ ቤቱን፣ የፈረሰችውን ሻይ ቤት። የሰመረ ዓመት ሙሉ ድካም እፊቱ እየሄደ ነው። ያን ጊዜ ደነገጠ። በማይሰሙት ጣቶቹ እጀታውን ያዘና እየተንሸራተተበት ታግሎ ዘጋው። ሲሊንደሩን ሲያነሣው ቀልሎ ነበር፤ ከግማሽ የሚበልጠው ሄዷል።

ሰመረ ሲመለስ ታዲዎስ ደጃፍ ላይ እጁን በውኃ ነክሮ፣ ፊቱ አመድ መስሎ አገኘው።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ሲሊንደርህ... እያፈሰሰ ነበር። ድምፅ ሰምቼ ገባሁ። ዘጋሁት።"

ሰመረ እጁን አየ። ወደ ዕቃ ቤቱ ገባ፤ ትንሽ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። "እግዚአብሔር አተረፈህ" አለና ደግፎ ክሊኒክ ወሰደው።

ሐኪሙ እጁን በፋሻ አሸገው። ማታ ሊዲያ እየሮጠች መጣች። ሰመረ ደውሎ ነግሯት ነበር፤ አባትሽ ጋዙን ሊያድን ሲል እጁን ጎዳ፣ እሱ ባይኖር ሁሉም ያልቅ ነበር ብሏታል። ሊዲያ አለቀሰች። በፋሻ የታሸገውን እጅ ጉንጯ ላይ አደረገች። "አባዬ፣ የለም የምትለውን ነገር ብለህ ነው?" አለችው። በማግስቱ ለተማሪዎቿ ተናገረች፣ ለመምህራኑ ተናገረች። ታዲዎስን መንገድ ላይ ያገኙት ልጆች "ጋሼ፣ እጅዎ እንዴት ነው?" እያሉ ጎንበስ ይሉለት ጀመር።

ጣፈጠው። እግዜር ይፍረድበት፣ ጣፈጠው። ለጥቂት ቀናት በሰመረ አልቀናም፤ ከስንት ዓመት በኋላ እንቅልፉን ጠግቦ ተኛ። ጀማነሽ ብቻ ፋሻውን ስትቀይርለት አንዳንዴ ቀና ብላ ታየውና ወደ ፋሻው ትመለሳለች።

ከዚያ አንድ ጠዋት በዚያው ቀጭን ግድግዳ በኩል የሰመረን ድምፅ ሰማ። ጋዙን ከሚረከበው ቢሮ ጋር ስልክ ላይ ነው። "አዎ... ጥፋቱ የእኔ ነው። በደንብ ሳልዘጋው ትቼው ሄጄ ነው። ይገባኛል... ገባኝ አልኩ እኮ። ማሽኑን መልስ ካላችሁም እመልሳለሁ።" ስልኩ ሲዘጋ ታዲዎስ ገብቶ ፊቱ ቆመ።

"ለምንድን ነው ጥፋቱ የእኔ ነው የምትለው?"

ሰመረ ቀና ብሎ አየው፤ የደከመ ፊት ነበር። "ታዲያ ምን ልበል?"

"አፈሰሰ በል! ቫልቩ ተበላሽቶ አፈሰሰ በል!"

"የሚያፈስ ቫልቭ ክዳኑን ፈትቶ መደርደሪያ ላይ አያስቀምጥም፣ ታዲዎስ።"

ከውጭ የታክሲ ረዳት "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" እያለ ይጣራል።

"መቼ አወቅህ?"

"ያኔውኑ።"

"አውቀህ ነው ለልጄ እንዲያ ብለህ የነገርካት?"

"ልጅህ ስለሆነች ነው። በአባቷ እንድታፍር አልፈለግሁም። እኔ በቢሮው ብወቀስ ምን እሆናለሁ? ያልፋል።"

ታዲዎስ አመሰግናለሁ ማለት ነበረበት፤ አላለም። ይልቁንም ያ የሚያውቀው ቅናት ተነሣበት፤ ከወትሮው የባሰ። ምስክር ወረቀቱን ወሰደ፣ ሆቴሎቹን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ ደግነቱንም ወሰደው። የሊዲያ እንባ፣ የተማሪዎቹ ሰላምታ፣ ያ ሁሉ የጣፈጠው ነገር ሰመረ የሰጠው ነው። ሰመረ ሊነፍገው ሲችል ሰጠው። ከዚህ የበለጠ ምን በላይነት አለ? ታዲዎስ በሩን አላትሞ ወጣ።

ሲዞር ዋለ። ከሰንጋ ተራ እስከ ስታዲየም፣ ከስታዲየም እስከ መስቀል አደባባይ በእግሩ ሄደ። ፀሐይዋ አናቱን ትጠብሰዋለች፣ የታሸገው እጁ ይቆጠቁጠዋል። እዚያ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አሰበ፤ ያሰበው ግን ስለ ንስሐ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰበው፤ ይህን ነገር ሰመረ አይወስድብኝም። እውነቱን ለልጄ የምነግራት እኔ ነኝ።

ሊዲያን ከሥራ ስትወጣ ደምበል አጠገብ ካለ ኬክ ቤት ቀጠራት። ማኪያቶ ለእሱም ለራሷም አዘዘች፤ በግራ እጁ ሲታገል አይታ ስኳሩን አማሰለችለት። ያን ጊዜ ነገራት። አልሸፋፈነም፤ መስኮቱን፣ ሳቁን፣ ክዳኑን፣ የሰመረን ስልክ ሁሉንም ነገራት።

"ለምን አባዬ?" አለችው በመጨረሻ።

"ቀናሁ።"

"በጋሼ ሰመረ?"

"ክንዱን ይዘሽው ነበር።"

ሊዲያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስትናገር ድምፅዋ የመምህር ድምፅ ነበር። "እኔን ክንድህን ያዢኝ ብትለኝ እይዝህ ነበር። ያ ጋዝ ግን አይመለስም። እኔ ከሞትኩ በኋላም እላይ ይኖራል።" ቦርሳዋን አነሣች። "ለእኔ መናገርህ ምንም አይፈይድም። የተወቀሰው ጋሼ ሰመረ ነው። ሂድና ለሚመለከተው ተናገር።" ሄደች። ማኪያቶዋን አልነካችውም።

ታዲዎስ ሄደ። ቢሮው ውስጥ አንዲት ትዕግሥተኛ ኃላፊ ሰማችው፤ የሰመረ ማሽን እንዳይወሰድ አደረገች፤ ታዲዎስንም በክረምቱ ሥልጠና ላይ ግዴታ እንዲቀመጥ አዘዘችው። ሰመረ ሲሰማ ደስ ያለው አይምሰላችሁ። ሱቁ ድረስ መጥቶ ጮኸበት። "ማን ንገር አለህ? አሁን እኔ ዋሾ ሆንኩ! ሽፋን ሰጥቶ ነበር እየተባልኩ ነው!" ታዲዎስ ሰመረ ሲቆጣ ያየው ያን ቀን ነው፤ ሠላሳ ዓመት ተቆጥቶት የማያውቅ ሰው። ለብዙ ሳምንታት ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም። ሊዲያም ቤት ስትመጣ ከእናቷ ጋር ኩሽና ትውላለች፤ አባቷን ደህና ነህ ትለዋለች፣ ከዚያ በላይ አትሄድም። ታዲዎስ አልለመናትም። ፋሻው ሲፈታ ሁለት ጣቶቹ ብርድና ሙቀት የማይለዩ ሆነው ቀሩ።

ክረምቱ ላይ ሥልጠናው ውስጥ ተቀመጠ። በዕድሜ የሚያንሱት ሁሉ ቶሎ ቶሎ ይጽፋሉ፤ እሱ እርሳስ መያዝ ቸገረው። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀ። ደገመ፣ አለፈ። ካለፈ በኋላ ሰመረ በሩ ላይ መጥቶ፣ ወደ ውስጥ ሳይገባ፣ "የጋዝ ማጣሪያ ካለቀብህ እኔ ጋ አለ" ብሎ ተመለሰ። ዕርቁ ይኸው ነበር፤ ሽማግሌ የሚባል አልተቀመጠም።

መስከረም ጠባ። የኦዞን ቀን ደረሰ፤ ሊዲያም ዝግጅት አሰናዳች። ሁለቱንም ጠራቻቸው፤ ግን ለንግግር አይደለም፣ ለመስማት ነው። ተናጋሪዋ ኢፍቱ የምትባል፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ከባቢ አየር የምታጠና ወጣት ነበረች። ሰመረና ታዲዎስ መጨረሻ ረድፍ ላይ፣ ለተማሪ በተሠራ ጠባብ አግዳሚ፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ኢፍቱ አምፖል አስጠፋችና ግድግዳው ላይ ምድርን ከታች፣ ከደቡብ ዋልታ በኩል የሚያሳይ ምስል አበራች። በሳተላይት የተለካ ነው አለች። መጀመሪያ መሃሉ ላይ ያለው ሐምራዊ ጥላ ትንሽ ነው። ዓመታቱ ሲያልፉ ሰፋ፤ ከአንድ አህጉር በለጠ፤ ልጆቹ "ኦኦኦ" አሉ። ከዚያ መስፋቱን አቆመ፤ አንዱ ዓመት ሲጠብ፣ ሌላው ሲሰፋ፣ እያመነታ፣ እያመነታ፣ በጠቅላላው ግን ማነስ ጀመረ። "ዛሬ ከመሬት የሚለቀቀው ጋዝ እዚያ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል" አለች ኢፍቱ። "ገና መንገድ ላይ ያለ ብዙ አለ።"

ታዲዎስ የማይሰሙትን ሁለት ጣቶቹን በሌላው እጁ ጨበጣቸው። የእሱ ጋዝ ገና አልደረሰም። እየሄደ ነው።

መብራቱ በራ፣ ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው፤ ከባለፈው ይበልጥ ነበር። ሊዲያ ኢፍቱን አቅፋ ፎቶ ስትነሣ፣ ታዲዎስ አጠገቡ ከባድ ትንፋሽ ሰማ። ዞር ሲል ሰመረ ከንፈሩን ነክሶ፣ ዓይኑን ከኢፍቱ ሳይነቅል ተቀምጧል።

"እኔ በባዶ አፌ ነው የነገርኳቸው" አለ ሰመረ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እንደዚህ ያለ ምስል ቢሰጠኝ እኮ እኔም..."

ታዲዎስ ትኩር ብሎ አየው። ያ ፊት አዲስ አልሆነበትም፤ በየጠዋቱ በመስታወት የሚያየው ነው። ሰመረም ይቀናል! ሳቁ ሊያመልጠው ሲል በሳል ሸፈነው።

"ደግሞ ፈጥና ነው የምታወራው" አለው ታዲዎስ።

"በጣም ፈጠነች!" አለ ሰመረ ወዲያው ዞሮ። "ልጆቹ ግማሹን አልሰሙም።"

"አንተ ስትናገር ቀስ ብለህ ነበር።"

"ሰምተኸኝ ነበር ለካ?"

"ከመስኮቱ ውጭ።"

ሰመረ መለስ ብሎ ሊናገር ሲል ሊዲያ ወደ እነሱ መጣች። አባቷን በአንድ ክንዱ፣ ሰመረን በሌላው ያዘችና ከጠባቡ አግዳሚ አስነሣቻቸው። "ኑ፣ ከኢፍቱ ጋር ላስተዋውቃችሁ፤ በጣም ጎበዝ ልጅ ናት" አለች።

ሁለቱም ፊታቸውን አኮሳትረው ተከተሏት።